አለንጋው ያስተማረው፦ ስለ ልግመኛ ፈረስ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከግቢ ወጥቶ አልሄድም ስለሚል ፈረስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ከፈረስ ጋር ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው መሆናቸው ከቃላታቸው ያስታውቃል፤ ሶምሶማውን ከደንገላሳው፣ ደንባራውን ከልግመኛው ለይተው የሚያውቁ ናቸው። ሆኖም በቅርቡ ፈረስ የገዛ አንድ ወጣት ምክራቸውን እንዳለ ቢከተል ወይ ፈረሱን ወይ የገዛ አጥንቱን ይጎዳል ብዬ ስለምሰጋ፣ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው ወድጃለሁ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ከበረቱ ርቆ አልሄድም ብሎ አራት እግሩን ተክሎ የሚቆም፣ ሲገፋም በሁለት እግሩ የሚነሣ ፈረስ ተንኮለኛ ነው ይላሉ። ልግሙ ከጥጋብ የመጣ ስለሆነ ገብሱ እንዲቀነስበትና ተርቦ እንዲወጣ፣ ሌላ ፈረስ ከፊቱ እንዲቀድም፣ በቆመበት ቦታ እስኪሄድ ድረስ በአለንጋ እንዲገረፍ፣ ልጓሙም በጠንካራ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ጋላቢው በምንም ምክንያት ከኮርቻው መውረድ እንደሌለበት፣ ፈረስ ፈሪን ለይቶ እንደሚያውቅና እንደሚንቅ፣ አባቶቻችንም ፈረስ የገሩት በዚሁ መንገድ እንደነበር ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልታረመውን ደግሞ ሽጡት ይላሉ።

እኔ ይህን ምክር ገና ሳላነበው ሠርቼበታለሁ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ዳማ ፈረስ ገዝቼ በሱሉልታ ዳርቻ አስቀመጥኩት፤ ዕድሜው ያኔ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። በግቢው ውስጥ ሲጋለብ ከእርሱ የሚገራ እንስሳ የለም። ከበሩ ወጥተን፣ በረት ከሚጋሩት ከአንዲት አሮጊት በቅሎና ከአንዲት ግራጫ ባዝራ ተለይተን፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደን በባሕር ዛፉ ጥግ ያለችው ትንሽ ድልድይ ስትታየው ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በመጀመሪያ ጆሮው ይቀሰራል፤ ቀጥሎ እርምጃው ያጥራል፤ ከዚያ ጀርባው ከኮርቻው ሥር እንደ ሳንቃ ይደርቅና ይቆማል። በተረከዜ ጎሸም ሳደርገው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ አለንጋውን ሳሳርፍበት ደግሞ በግራ በኩል እንደ እንዝርት ዞሮ ወደ በረቱ ይሮጣል። ሁልጊዜም በግራ በኩል ነበር የሚዞረው፤ ምክንያቱን ያወቅኩት ዘግይቼ ስለሆነ በቦታው እመለስበታለሁ። ለሦስት ወር ያህል በአለንጋና በግትርነት ከታገልነው በኋላ፣ አንድ ማለዳ በሁለት የኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም ደንግጬ ዛቡን፣ ማለትም የልጓሙን መያዣ ጠፍር፣ ስለሳብኩበት ሚዛኑን አሳጣሁት፤ ሁለታችንም በጎን ወደቅን፤ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። እንግዲህ ከዚህ በታች የምለው ከንባብ ብቻ የተገኘ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ስመጣ፣ ጸሐፊው ፈረሱን ተንኮለኛ ያሉበት ምክንያት በግቢው ውስጥ ታዝዞ ውጭ ሲወጣ ስለማይታዘዝ ነው። ግቢ ውስጥ መታዘዝ ከቻለ ውጭ የማይታዘዘው አውቆ ነው የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ግን አንድ ትልቅ ነገር ረስቷል። ፈረስ በመንጋ የሚኖር፣ አዳኝ ሲመጣበት በመሸሽ የሚድን እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ከግንባሩ ፊትና ከጅራቱ በስተኋላ ካሉት ጠባብ ክፍተቶች በቀር ዙሪያውን በሙሉ ለማየት ነው። በመንጋ ውስጥ ሲሆን አንዱ ሲግጥ ሌላው ይጠብቃል፤ ብቻውን ሲወጣ ግን ጠባቂው እርሱ ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ያለው ፈረስና ከግቢው ውጭ ብቻውን ያለው ፈረስ አካሉ አንድ ይሁን እንጂ ሁኔታው ፈጽሞ የተለያየ ነው። በእኛ አገር ዳገትና ጫካ ደግሞ ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ሌሊት ጅብ ያደረበትን ወይም የተሻገረበትን ቦታ ፈረስ ማለዳ ሲደርስበት በጠረኑ ያውቀዋል፤ እኛ የምናየው ግን ዱካ እንኳ የሌለበትን ለስላሳ ሣር ነው። በእንጦጦ ጥግም ሆነ በሱሉልታ ሜዳ በማለዳ የጋለበ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጸሐፊውም የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ለምን እንደዘለሉት ግን አልገባኝም።

ከፍርሃት ሌላ ሕመም አለ፤ በእኔ ግምት ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የሳተው ይህን ነው፤ ሕመም የሚለው ቃል በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም። እንግሊዛዊቷ የፈረስ ሐኪም ሱ ዳይሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጋለብ የሚያመውን ፈረስ ከማያመው የሚለዩ 24 ምልክቶችን ዘርዝረው አቅርበዋል። ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ መቆየቱ፣ አፍ ደጋግሞ መከፈቱ፣ ጅራት መወናጨፉ፣ እንዲሁም ወደ ፊት አልሄድም ማለትና በኋላ እግር መቆም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ፈረሱ ከምልክቶቹ ስምንቱን ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ የጡንቻ ወይም የአጥንት ሕመም እንዳለበት መጠርጠር ይገባል ነው የሚሉት። ልብ በሉ፤ ጸሐፊው የተንኮል ማስረጃ አድርገው ያቀረቧቸው ሁለቱ ምግባሮች፣ አልሄድም ማለቱና በሁለት እግር መቆሙ፣ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሕመም ምልክት ሆነው ነው የሰፈሩት።

ይህን ለማወቅ ሁልጊዜ መሣሪያ አያስፈልግም። ላብ እስኪያልበው ከተጋለበ በኋላ ኮርቻውንና ግላሱን አንሥቶ ጀርባውን ማየት ብቻ ብዙ ነገር ይናገራል። ዙሪያው ሁሉ በላብ ርሶ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ደረቅ ሆኖ ከቀረ፣ እዚያ ላይ ኮርቻው ከመጠን በላይ ተጭኗል ማለት ነው። በፈረሱ ጀርባ ላይ ነጭ ጠጉር የበቀለበት አሮጌ የጫና ምልክት ካለ ደግሞ ጉዳቱ የቆየ ነው። እኔ እጄ በጄሶ ታስሮ በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው ይህን ያየሁት፤ ከጀርባው ጉብታ በታች በሁለቱም ትከሻዎቹ ላይ፣ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክሉ ነጭ የጠጉር ነጠብጣቦች ነበሩ። ፈረሱን ስገዛው አይቻቸው «ጌጥ» መስለውኝ ነበር፤ እንዲያውም ለሰው አሳይቼባቸዋለሁ። ኮርቻው ሰፊ ትከሻ ላለው ለእርሱ ጠባብ ስለነበር የፊት እግሩን ወደ ፊት በዘረጋ ቁጥር ይቆነጥጠው ነበር። በግቢው ውስጥ፣ በደልዳላ መሬትና በአጭር ጊዜ ይችለዋል፤ ከድልድዩ ባሻገር ግን ቁልቁለት አለ፤ በቁልቁለት ደግሞ ኮርቻው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከዚያ ወዲያ ሕመም እንደሚጠብቀው የሚያውቅ እንስሳ ድልድዩ አጠገብ ቢቆም ምኑ ተንኮል ነው? «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ተገለበጠብኝ፤ ጥፋቱ የጭነቱ ሆኖ ሳለ እኔ የመታሁት እንስሳውን ነበር። ጥርስም እንዲሁ ነው። የመንጋጋ ጥርስ ጠርዝ እየሾለ ሲሄድ ልጓም በተሳበ ቁጥር ጉንጭን ከውስጥ ይቆርጣል። ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አካባቢም ሆነ በሌላ ስፍራ ፈረስ የሚያውቅ ሐኪም ማግኘት የቻለ ሰው፣ አለንጋ ከማንሣቱ በፊት ጀርባውን፣ ጥርሱንና ኮቴውን ያስመርምር።

ስለ ጥጋብ የተነገረው ከፊሉ እውነት አለው። ቀኑን ሙሉ በጋጣ ታስሮ የሚውል፣ ገብስ በገፍ የሚበላ ፈረስ ሲወጣ ይፈነጥዛል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መፈንጠዝና መለገም አንድ አይደሉም፤ አንዱ ወደ ፊት መሄድ ሲበዛበት ሁለተኛው ከናካቴው አልሄድም ማለት ነው። ገብሱን መቀነስ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ አልፎ ግን ፈረሱን አስርቦ ማውጣት የሚለው ምክር አደገኛ ነው። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ያለማቋረጥ አሲድ ያመነጫል፤ ፍጥረቱ ከቀንና ከሌሊቱ አብዛኛውን ሰዓት እየጋጠ እንዲኖር ነውና። ባዶ ጨጓራ ይዞ ሶምሶማ ሲሄድ አሲዱ መከላከያ ወደሌለው የላይኛው የጨጓራ ክፍል ይረጫል። በእሽቅድምድም ፈረሶች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች የጨጓራ ቁስል እጅግ በርክቶ የተገኘውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጨጓራው የቆሰለ ፈረስ የሆድ ጠፍሩ ሲጠብቅበት ይነክሳል፤ ተረከዝ ሲነካው ይቆማል፤ ከዚያም ሰው ጠገበ ይለዋል። እኔ አሁን ከመጫኔ በፊት ሁለት እፍኝ ያህል ደረቅ ሣር እሰጠዋለሁ። ወጪው ምንም ነው።

አለንጋን በተመለከተ ጸሐፊው አንድ ትክክለኛ ነገር ብለዋል፤ እርሱም ፈረሱ በለገመ ቁጥር ወደ ቤት ከተመለሰ መለገም ወደ ቤት እንደሚመልስ ይማራል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ምላሼም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ስሕተቱ ያለው ከዚህ እውነት ተነሥተው በደረሱበት መደምደሚያ ላይ ነው። ፈረስ የሚማረው ጫናው ሲያርፍበት ሳይሆን ጫናው ሲነሣለት ነው። በተረከዝ ስንነካው ምን እንደምንፈልግ አያውቅም፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲራመድ ተረከዛችንን ስናነሣለት ግን የተፈለገው ያ እርምጃ እንደነበር ይገባዋል። አሁን ይህንኑ ሕግ በሚገረፍ ፈረስ ላይ እንየው። ይገረፋል፤ ያፈገፍጋል፤ ግርፋቱ ይቀጥላል፤ በሁለት እግሩ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ጋላቢው ላለመውደቅ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል፤ አለንጋውም ይቆማል። ፈረሱ ምን ተማረ? ግርፋትን የሚያስቆመው በሁለት እግር መቆም እንደሆነ ተማረ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት ለመስጠት ብንሞክር እንኳ አንችልም።

ሁልጊዜ በግራ በኩል ይዞር የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀኝ እጄ ስለሚቀናኝ አለንጋውን የምይዘው በቀኜ ነበር፤ ግርፋቱ ሁሉ የሚያርፈው በቀኝ ጎኑ ላይ ነው። ከቀኝ የሚመጣበትን ሸሽቶ በግራ ዞረ፤ ሲዞር እኔ ዛቡን ለመያዝ ስታገል ግርፋቱ ቆመ። ዳማው ከገዛሁት ቀን ጀምሮ መቆም ያውቅ ነበር፤ መዞርን ግን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ፍርሃት ላለበት ፈረስ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2,300 ዓመታት በፊት ስለ ፈረስ ሲጽፍ፣ የሚደነብርን ፈረስ በዱላ ወደሚፈራው ነገር የሚያስጠጉት ሰዎች ፍርሃቱን ከመጨመር በቀር አይጠቅሙትም ብሏል፤ ምክንያቱም ፈረሱ በዚያ ሰዓት የሚሰማውን ሕመም ያመጣበት ያ የሚፈራው ነገር ይመስለዋል። ዜኖፎን የጦር ሰው ነበር እንጂ ፈረስ የሚያቀማጥል ሰው አልነበረም። እኛም ዘንድ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚባለው ይህንኑ የሚያውቅ ሰው የተናገረው ይመስለኛል።

ስለ ጠንካራ ልጓም ብዙ አልልም። ልጓም ማቆሚያና መምሪያ ነው። የፈረሱ ችግር አለመሄድ ሆኖ ሳለ ፍሬኑን ማጥበቅ ምን መፍትሔ ነው? በተለይ ከታችኛው መንጋጋ ዙሪያ ቀለበት ያለበት የእኛው አሮጌ የብረት ልጓም በጉግስ ሜዳ ላይ በሙሉ ግልቢያ የሚመጣን ፈረስ በአንድ ጊዜ ለማቆም የተሠራ ነው፤ ከቆመ ፈረስ አፍ ውስጥ ገብቶ ሲሳብ ፈረሱ የቀረው መሄጃ ወደ ኋላና ወደ ላይ ብቻ ነው። እኔን የጣለኝም የተሳበ ዛብ ነበር። ፈረስ በሁለት እግሩ ሲነሣ ዛቡን ፈጽሞ ለቅቆ ወደ አንገቱ መደፋት እንጂ መሳብ የለም።

«ከወረድክ ተሸነፍክ» ስለሚለው ሐሳብ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳው በእርሱ ነውና። ፈረስ ሽንፈትና ድል የሚባል መዝገብ አይዝም። የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ወርደን ወደ ቤት ይዘነው ከተመለስን መመለስን ይማራል፤ ወርደን ወደ ፊት ይዘነው ከሄድን ግን ወደ ፊት መሄዱን ይማራል፤ እኛ በእግራችን መሆናችን ለእርሱ ለውጥ የለውም፤ እንዲያውም ከፊቱ የሚሄድ ጓደኛ አገኘ ማለት ነው። ዳማው ከድልድዩ በፊት በቆመ ቁጥር ወርጄ፣ ዛቡን ከራሱ በላይ አሳልፌ ይዤ፣ ከፊቱ እየሄድኩ አሻግረዋለሁ፤ ከማዶ ሣር አስግጠዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና እወጣበታለሁ። በአስፋልት ዳር ደግሞ ጉዳዩ የክርክርም አይደለም። የጎጃም መንገድ ላይ ሲኖትራክ ከኋላ እየመጣ ፈረስ መሐል መንገድ ላይ ሲሽከረከር ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ክብሩን የሚጠብቅ ሰው ክብሩን ለማን እንደሚያሳይ አይገባኝም። መንገዱ ሳይደርስ መውረድ ነው።

ፈረስ ፈሪን ያውቃል የተባለውን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። በበርሊን ሂሳብ ይሠራል ተብሎ የታወቀውን ሃንስ የተባለ ፈረስ ኦስካር ፕፉንግስት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣው ጥናት፣ ፈረሱ መልሱን ያገኝ የነበረው ከጠያቂው ራስ በዓይን ሊለይ ከሚያዳግት እንቅስቃሴ መሆኑን አሳይቷል። በስዊድን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ቀርቦ ይመለከተናል። ጋላቢዎቹና ፈረስ መሪዎቹ በአንድ ቦታ ሲያልፉ ጃንጥላ በድንገት እንደሚዘረጋ ተነገራቸው። ጃንጥላው አልተዘረጋም፤ ሆኖም የሰዎቹ የልብ ምት ጨመረ፤ ስለ ጃንጥላ ምንም ያልሰሙት ፈረሶች የልብ ምትም አብሮ ጨመረ። እንግዲህ ፈረሱ የሰውን ፍርሃት ያውቃል፤ ግን አወቀ ማለት ናቀ ማለት አይደለም። ጓደኛው ሲፈራ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ ብሎ ያምናል እንጂ። እኔ ድልድዩ ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ትንፋሼን እይዝ፣ ዛቡንም አሳጥር ነበር፤ ለእርሱ ይህ «እዚያ ክፉ ነገር አለ» የሚል የማያሻማ መልእክት ነው። ለዚህ ችግር ጀግንነት አይፈውስም። ማንጎራጎር ግን በመጠኑ ይረዳል፤ የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ድምፄ መጥፎ ቢሆንም ዳማው እስካሁን አላማረረም።

ስለ አባቶቻችን የተነገረውን በአክብሮት እመልሳለሁ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው፤ በፈረሱ ስም ሊጠራ የወደደ ባለሥልጣን ያንኑ ፈረስ እንደ ጠላት ሲደበድብ ይውል ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። በቤተ መንግሥት ባልደራስ የሚባል የፈረስ ኃላፊ ሹመት የነበረውም ፈረስ የራሱ አዋቂ ስለሚያስፈልገው ነው። ጭካኔ አልነበረም አልልም፤ ነበር። ነገር ግን የቀድሞው ፈረስ ከዛሬው የከተማ ዳርቻ ፈረስ ያነሰ የለገመ ከሆነ ምክንያቱን በአለንጋው ውስጥ መፈለግ የለብንም። ያ ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ልጆች ያለ ኮርቻ እየጋለቡ ወንዝ የሚያወርዱት፣ ከገበያ ገበያ፣ ከሠርግ ሠርግ ከሌሎች ፈረሶች ጋር ሲሄድ ያደገ ነበር። መንገዱም ወጥቶ ወዲያው የሚመለስበት ሳይሆን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርስ ነበር። ዛሬም በአዊ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚሰበሰቡትን የአገው ፈረሰኞች ያየ ሰው፣ ፈረሶቹ ከሩቅ ቀበሌ ድረስ በቡድን ሆነው ሲመጡ ይመለከታል። የእኛ ፈረስ ግን ሳምንቱን ሙሉ በጋጣ ቆይቶ፣ ቅዳሜ ጧት ብቻውን ወጥቶ፣ በአንድ መንገድ አንድ ሰዓት ሄዶ በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ ቤት ሲደርስም ኮርቻው ወርዶለት ገብስ ይቀርብለታል። በዚህ አካሄድ ያልለገመው ነው የሚገርመው።

ይህ ወደ ዋናው ነገር ያመጣኛል። ጸሐፊው መግረፍንና መሸጥን እንጂ በመካከል ያለውን ሥራ እምብዛም አልነገሩንም። ኮርቻው ከተለወጠ በኋላ ዳማው ወዲያው የተሻለ መስሎኝ ነበር፤ አልሆነም። ሕመሙ ቢለቀውም ልማዱ አልለቀቀውም፤ ድልድዩ በአእምሮው ውስጥ አሁንም የሕመምና የግርፋት ቦታ ነው። ስለዚህ ለስድስት ሳምንት ያህል ምንም ሳልጋልበው በገመድ እየመራሁ በእግር አብሬው ወጣሁ። መጀመሪያ እስከ ባሕር ዛፉ፣ ከዚያ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ። ቁም ነገሩ ምን ያህል ርቀን መሄዳችን አልነበረም፤ የሚጨነቅባትን መስመር ማወቅ ነበር። ጆሮው ሳይቀሰር የሚደርስባት የመጨረሻ ቦታ አለች፤ ከእርሷ አንድ እርምጃ አሳልፌው፣ ገመዱን አላልቼ ቆሜ፣ ራሱን ዝቅ እስኪያደርግ ጠብቄ፣ እርሱ ልመለስ ሳይል እኔ እመልሰው ነበር። ሳይጠይቅ የተመለሰ ፈረስ ልግሙ እንደመለሰው አያስብም። በማግሥቱ ያቺ መስመር ሁለት ሦስት እርምጃ ርቃ ትገኛለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተመልሳ ቀርባ ትገኛለች፤ ያን ጊዜ የትናንቱን እንደ ዕዳ ሳልጠይቀው ከዛሬው እነሣለሁ።

ሁለተኛው ለውጥ የምቾቱን ቦታ ማዛወር ነበር። በግቢው ውስጥ እንዲሠራ፣ በውጭ እንዲያርፍ አደረግኩ። ግቢ ውስጥ በክብ እየዞርን ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ መቆም፣ መዞር፤ ከበሩ ስንወጣ ግን ዛቡ የላላ እርምጃ ብቻ። ከድልድዩ ማዶ ወርጄ የሆድ ጠፍሩን አላላለትና ሩብ ሰዓት ያህል አስግጠዋለሁ፤ ገብሱንም በከረጢት ይዤ እዚያው አንድ እፍኝ እሰጠዋለሁ። ቤት ስንመለስ በተቃራኒው ወዲያው አላራግፈውም፤ ግቢውን ጥቂት ዞረን፣ ቆይተን ነው የምወርደው፤ ገብሱም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ሌላው ደግሞ መንገዱን ዙሪያ ማድረግ ነው፤ በወጡበት ከመመለስ በሌላ በኩል ዞሮ መግባት፣ ፈረሱ ቤት የሚያደርሰው መዞር ሳይሆን ወደ ፊት መሄድ እንደሆነ ያስረዳዋል።

ኮርቻ ላይ ሆኜ ሲቆምብኝ አሁን የማደርገው ከምንም የቀለለ ነው። በመጀመሪያ ምንም አላደርግም፤ ፊቱን ወደምንሄድበት እንደያዘ እስከቆመ ድረስ ይቁም፤ ይመልከት፤ ይሽተት። ትንፋሹን ሲለቅ በተረከዜ ቀስ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ አንድ እግር ቢያነሣ ወዲያውኑ ተረከዜን አነሣለታለሁ። ከተተከለ በሁለቱም ዛብ አልስበውም፤ አንዱን ዛብ ወደ ጎን ከፍቼ የፊት እግሮቹን ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ፣ ወደ ግራ አንድ እርምጃ አስነሣለሁ፤ የተነሣ እግር ወደ ፊት ለመሄድ ይቀለዋልና። ለመዞር ሲሞክር ከዞረበት በተቃራኒው መልሼ ወደ መንገዱ አቀናዋለሁ፤ ሙሉ ክብ አዙሬ ወደ ቤት ፊቱን አላሳየውም።

ጸሐፊው ሌላ ፈረስ ከፊት አስቀድሙ ያሉት ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ምክሩ በዚያ ብቻ ካበቃ ከጓደኛው ተለይቶ የማይሄድ ፈረስ ያፈራል። እኔ ግራጫዋን ባዝራ ከፊት አስቀድሜ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ጎን ለጎን፣ ከዚያ እርሱ ከፊት፣ በመጨረሻም በመንገዱ እኩሌታ ላይ ተለያይተን ጥቂት ርቀን እንደገና ተገናኘን። መለያየት መጥፋት እንዳልሆነ እየተማረ መጣ።

ስለ መሸጥ ጸሐፊው ያሉት አጭር ነው፤ እኔም አሳጥራለሁ። በአገራችን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፈረስ እንዳለ ይገመታል፤ ስንቱ በጋሪ ሥር ጀርባውና ደረቱ ተልጦ እንደሚውል ከአዲስ አበባ ትንሽ ወጣ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል። ልግመኛ ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ፈረስ የሚደርሰው እዚያ ነው፤ እዚያም ለምን እንደቆመ የሚጠይቀው የለም። ችሎታው የሌለው ሰው ፈረሱን ለሚችል ሰው ቢያስተላልፍ አልነቅፍም፤ ነገር ግን ጀርባውንና ጥርሱን ሳያስመረምር የሚሸጥ ሰው ያልታወቀ ሕመም ነው የሚሸጠው፤ ገዢውም አንድ ቀን የሚጋልበው ልጅ ሊኖረው ይችላል።

ዳማው ፈጽሞ ታርሟል አልልም። ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ላይ እንደ ድሮው ጆሮውን ቀስሮ ቆመ። ዛቡን ለቅቄ፣ እጄን ጋማው ላይ አሳርፌ፣ እያንጎራጎርኩ ጠበቅኩት። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ከቁጥቋጦው ላይ አንድ ነጭ አንሶላ አስጥተው ኖሮ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ይነሣል፤ እኔ ያየሁት ከእርሱ በኋላ ነው። አንሶላው ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሲወድቅ ተመለከተ፤ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ በተረከዜ ሳልነካው አንገቱን ዘርግቶ ተሻገረ።